በስፒነርቤይት ባስ ዓሣ ሲያጠምዱ ምት እንዳይባክን፣ የተያዘውም እንዳያመልጥ፦ ዝርዝር መመሪያ

ስፒነርቤይት የሚሽከረከሩ ስስ ብረቶችን በሽቦ ክንድ ላይ የተሸከመ፣ መንጠቆ ያለው ሰው ሠራሽ ማታለያ ነው። በእርሱ ባስ የሚባለውን አዳኝ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሱት ችግር አለ፤ ዓሣው ይመታል፣ ዘንጉ ይነቃነቃል፣ ክሩ ግን ባዶውን ይመለሳል። አለዚያም ዓሣው ተይዞ እጅ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው መንጠቆውን ተፍቶ ይሄዳል። ብዙዎች ይህን ለዕድል ወይም ለዓሣው ጥንቃቄ ይሰጡታል፤ ነገር ግን ዓሣው የሚታጣው በአብዛኛው ውሃ ዳር ከመድረስ በፊት በተዘለለ ዝግጅትና ዓሣው ከመታ በኋላ ባለችው አንድ ሰከንድ ውስጥ በሚደረግ ችኮላ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ በእነዚህ በሁለቱ ላይ ረዘም ብሎ ይቆያል።

ከዚህ በታች «ቅጠል» ሲባል የሚሽከረከረውን ስስ ብረት፣ «ክንድ» ሲባል ቅጠሎቹን የተሸከመውን የላይኛውን ሽቦ፣ «ጭንቅላት» ሲባል መንጠቆው የተተከለበትን ከባድ ብረት፣ «ዘርፍ» ሲባል መንጠቆውን የሚሸፍነውን የሲሊኮን ጭፍርፍር፣ «ሪል» ሲባል በዘንጉ ላይ ያለውን የክር መጠቅለያ፣ «ፍሬን» ሲባል ደግሞ ዓሣው ሲስብ ሪሉ ክር የሚለቅበትን ጥብቀት የሚወስነውን ክፍል ማለታችን ነው።

ከሁሉ በፊት፦ ችግሩን ይለዩ

«አመለጠኝ» የሚለው አንድ ቃል ሦስት የተለያዩ ችግሮችን ይሸፍናል፤ መፍትሔያቸውም አንድ አይደለም። ዓሣው መትቶ ፈጽሞ ካልተያዘ ጥፋቱን በማታለያው አሠራር፣ በዘንጉ ልስላሴ ወይም በእጅዎ ፍጥነት ላይ ይፈልጉ። ተይዞ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ከተለቀቀ ብዙውን ጊዜ መንጠቆው ደንዟል፣ አለዚያም በሚገባ አልተተከለም። እስከ ጀልባው ወይም እስከ ዳርቻው መጥቶ ካመለጠ ደግሞ የሪሉን ፍሬን፣ የዘንጉን አያያዝና የመረቡን አገባብ ይመርምሩ።

የሚይዙት ዓሣም ምስክር ነው። መንጠቆውን ከማውጣትዎ በፊት የተወጋው የት እንደሆነ ይመልከቱ። ጫፉ በላይኛው ላንቃ ወይም በአፉ ማዕዘን ጠልቆ ከገባ ሁሉም ነገር በትክክል እየሄደ ነው። በከንፈሩ ጠርዝ በስስ ቆዳ ብቻ ከተንጠለጠለ ግን ዓሣው ማታለያውን ሙሉ በሙሉ አልዋጠውም ማለት ነውና ቀጣዩ ዓሣ ሳያመልጥዎ ከደረጃ 3 ጀምሮ ያለውን ያስተካክሉ።

ደረጃ 1፦ መንጠቆውን ይሳሉ

1. የመንጠቆውን ጫፍ በአውራ ጣትዎ ጥፍር ላይ ጋደል አድርገው ያሳርፉትና ሳይጫኑ በቀስታ ይጎትቱት። ጥፍሩን ቧጥጦ ከቆመ ስለታም ነው፤ ከተንሸራተተ ደንዟል።

2. በጥቃቅን ጥርስ ሞረድ ከመንጠቆው ጉብጠት ወደ ጫፉ አቅጣጫ ብቻ ይሞርዱ። ሁለቱን ጎኖች ጥቂት ጥቂት ጊዜ ይሞርዱና በጥፍርዎ እንደገና ይፈትኑ። ወዲያና ወዲህ መፈግፈግ ጫፉን ያዳክመዋል።

3. ማታለያው ድንጋይ ወይም ጉቶ በመታ ቁጥር ፈተናውን ይድገሙ።

አዲስ ከማሸጊያው የወጣ መንጠቆ ሁልጊዜ ስለታም ነው ብለው አይመኑ። የስፒነርቤይት መንጠቆ ብዙውን ጊዜ በጭንቅላቱ ብረት ውስጥ የተጣበቀ ስለሆነ ሊለወጥ አይችልም፤ ጫፉ ከታጠፈ ወይም ከብዙ መሞረድ የተነሳ ካጠረ ማታለያውን መተው ይሻላል።

ደረጃ 2፦ ሽቦውን ያቃኑ

ማታለያውን ከፊት ለፊት ይዘው በአንድ ዓይንዎ ያነጣጥሩ። የላይኛው ክንድ፣ ጭንቅላቱና መንጠቆው በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ መዋል አለባቸው። ክንዱ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ካዘመመ ማታለያው በውሃ ውስጥ በጎኑ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ወደ ላይ ማየት የነበረበት መንጠቆ ወደ ጎን ይዞራል፣ ዓሣውንም ቢወጋው በስስ ቆዳ ላይ ነው።

ክንዱን በጣትዎ ወይም በፒንሳ በጥቂቱ ወደ መስመሩ ይመልሱ። ከዚያ ከእግርዎ አጠገብ ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ጎትተው ይመልከቱ። በዝግታ ሲጎተት ቀጥ ብሎ እየሄደ በፍጥነት ሲጎተት ብቻ የሚጋደም ከሆነ ጥፋቱ የሽቦው አይደለም፤ ቅጠሎቹ ለጭንቅላቱ ክብደት በዝተውበታልና ወይ ፍጥነቱን ይቀንሱ፣ ወይ ቅጠሉን ያሳንሱ።

አንድ ዓሣ ከተያዘ በኋላ ሽቦው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል በመጠኑ ይታጠፋል። ይህን ፍተሻ ከእያንዳንዱ ዓሣ በኋላ ይድገሙት። ነገር ግን ሽቦውን በአንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ ማጠፍና ማቃናት እንደሚሰብረው አይርሱ።

ደረጃ 3፦ ዘርፉንና ቅጠሉን ይመጥኑ

ባስ ብዙ ጊዜ ማታለያውን ከኋላ ተከትሎ ይመታል። ከመንጠቆው ጀርባ የተንጠለጠለ ነገር ሁሉ ከመንጠቆው በፊት አፉ ውስጥ ይገባል፤ ዘርፉን ብቻ ይዞ የሚተወውም ለዚህ ነው።

1. ዘርፉን ወደ ኋላ ሰብስበው ይያዙና ከመንጠቆው ጉብጠት ከ1 ሴንቲ ሜትር ብዙ የማይበልጠውን ብቻ አስቀርተው በመቀስ ይቁረጡ። ሁሉንም እኩል አይቁረጡት፤ ረጃጅምና አጫጭር ሆኖ ሲቀር በውሃ ውስጥ በተሻለ ይንቀሳቀሳል።

2. ክንዱን በትክክለኛ ቦታው አድርገው የኋለኛውን ቅጠል ወደ ኋላ ይዘርጉት። የቅጠሉ ጫፍ ከመንጠቆው ጉብጠት አልፎ ከሄደ ዓሣው ብረቱን እየመታ ይመለሳል። ትንሽ ቅጠል ይግጠሙ።

3. መንጠቆው ላይ የሚሰካ የፕላስቲክ ጭራ የሚጠቀሙ ከሆነ አጭሩን ይምረጡ። ምቱ እየባከነ ከሆነ ጨርሰው ያውጡት።

4. ቅጠሉ የተንጠለጠለበት ማያያዣ ባለ ኩሽኔታ ይሁን። እፍ ሲሉት ወይም በጣትዎ ሲነኩት ያለ ችግር መሽከርከር አለበት፤ የሚንቀረፈፍ ማያያዣ ቅጠሉን ያቆመዋል፣ በምቱ ጊዜ የሚሰማዎትንም ምልክት ያደበዝዘዋል።

ስለ ቀለም ብዙ አልልም። ቀለም ዓሣው እንዲመጣ ይረዳል እንጂ መንጠቆ አይተክልም።

ደረጃ 4፦ ተከታይ መንጠቆ ይጨምሩ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ ለመፈጸም ጊዜ ያለው ሰው ይህን ደረጃ ይፈጽም። ተከታይ መንጠቆ ማለት በዋናው መንጠቆ ጉብጠት ላይ የሚገጠም ሁለተኛ መንጠቆ ነው፤ ዘርፉን ብቻ ነክሶ ሊመለስ የነበረውን ዓሣ የሚይዘው እርሱ ነው። አንዳንዶች ዓሣው መቀማት ከጀመረ በኋላ ብቻ ይገጥሙታል። እኔ ግን በገላጣ ውሃ ላይ ከመጀመሪያው ውርወራ ጀምሮ እንዲኖር እመክራለሁ፤ ምክንያቱም የዕለቱ ትልቁ ዓሣ ያመለጠው የመጀመሪያው ሊሆን ይችላል።

የሚያስፈልገው፦ ዓይኑ ሰፊ የሆነና ቀጥ ያለ መንጠቆ፣ እንዲሁም ለስላሳና ቀጭን የጎማ ቱቦ። የመንጠቆው መጠን ከዋናው እኩል ወይም በአንድ ቁጥር ያነሰ ይሁን፤ ዋናው 4/0 ከሆነ 4/0 ወይም 3/0 ይሆናል ማለት ነው።

አገጣጠሙ፦

1. ከቱቦው ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ይቁረጡ።

2. ቱቦውን በተከታዩ መንጠቆ ዓይን ላይ ያጥልቁት፤ ዓይኑ ሙሉ በሙሉ ይሸፈን።

3. የሁለቱም መንጠቆዎች ጫፍ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ማለትም ወደ ላይ እንዲያይ ያድርጉ።

4. የዋናውን መንጠቆ ጫፍ በቱቦው አንድ ግድግዳ፣ በዓይኑ ቀዳዳ፣ ቀጥሎም በቱቦው ሌላ ግድግዳ ያሳልፉ። ጎማው የሚያስቸግር ከሆነ በምራቅ ወይም በውሃ ያርጥቡት። በጣትዎ አይግፉ፤ ተከታዩን መንጠቆ በፒንሳ ይያዙ።

5. ከዋናው መንጠቆ እሾህ አሳልፈው እስከ ጉብጠቱ ይግፉት።

6. ማታለያውን ይዘው ያወዛውዙ። ተከታዩ መንጠቆ ከመስመሩ ሳይወጣ በመጠኑ መወዛወዝ አለበት። ወደ ጎን ከተጋደመ ቱቦው ሰፍቷልና በጠባብ ይለውጡት።

ውሃው ከሣርና ከቅርንጫፍ የጸዳ ከሆነ ዓይኑን በቱቦ ከመሸፈን ይልቅ ከዓይኑ በፊትና በኋላ ትናንሽ የጎማ ክብ ቁራጮች በዋናው መንጠቆ ላይ መሰካት ይቻላል። ያን ጊዜ መንጠቆው በነጻነት ስለሚወዛወዝ ዓሣው ጭንቅላቱን ሲያራግፍ አብሮ ይዞራል፣ በቀላሉም አይነቀልም። በጉቶና በሣር መካከል ግን የተወዛወዘ መንጠቆ የነካውን ሁሉ ስለሚለቅም ጠበቅ ያለው ቱቦ ይመረጣል።

ማስጠንቀቂያ፦ ጥቅጥቅ ባለ የውሃ ሣር ውስጥ ተከታይ መንጠቆ ጥቅሙ ከጉዳቱ ያንሳል፤ በየውርወራው ሣር እየጎተተ የሚመለስ ማታለያ ምት አያገኝም። በዚያ ቦታ ያውጡትና ዘርፉን በማሳጠር ይተኩት። እንዲሁም በአንዳንድ ውሃዎች በአንድ ክር ላይ የሚፈቀደው የመንጠቆ ቁጥር በሕግ የተወሰነ ስለሆነ የሚያጠምዱበትን ቦታ ደንብ አስቀድመው ያረጋግጡ።

ደረጃ 5፦ ዘንግ፣ ክርና ፍሬን

ባስ የሚበላው አፉን በድንገት ከፍቶ ውሃውን ከነምግቡ በመሳብ ነው። ስፒነርቤይት ግን በተወጠረ ክር ላይ የሚጎተት፣ ብዙውን ጊዜ 10 ወይም 14 ግራም የሚመዝን ነገር ነው። ዘንጉ ድርቅ ያለ፣ ክሩም ፈጽሞ የማይለጠጥ ከሆነ ዓሣው ማታለያውን ወደ ውስጥ ለመሳብ የሚያስችለው ቦታ አያገኝም። ስለዚህ ጫፉ እሺ ብሎ የሚጎብጥ፣ ወገቡ ግን ጉልበት ያለው ዘንግ ያስፈልጋል። ከ2 እስከ 2.15 ሜትር ርዝመት ያለውና ሲጫን የላይኛው ሲሶው በሚገባ የሚጎብጥ ይምረጡ።

ለአብዛኛው ሁኔታ ከ15 እስከ 17 ፓውንድ የሚሸከም ናይለን ወይም ፍሎሮካርቦን በቂ ነው። ጉቶ በበዛበት ቦታ እስከ 20 ፓውንድ ይሂዱ። የተጎነጎነ ክር ስለማይለጠጥ ከዓሣው አፍ ላይ ማታለያውን የመንጠቅ ባሕርይ አለው፤ ሣሩ አስገድዶዎት ከተጠቀሙበት በለስላሳ ዘንግ ላይ ያድርጉት፣ ፍሬኑንም ያላሉ።

ክሩን በቀጥታ በሽቦው ጉብጠት (ክንዱ ከጭንቅላቱ ከሚመጣው ሽቦ ጋር በሚገናኝበት እጥፋት) ላይ ይሰሩ እንጂ በመካከል መቆለፊያ አያስገቡ። ጉብጠቱ ክፍት ስለሆነ መቆለፊያው ወይም ቋጠሮው በውርወራ ጊዜ ወደ ክንዱ ሊንሸራተት ይችላል፤ ያን ጊዜ ማታለያው ተገልብጦ ይመጣል። ይህ ከደረሰብዎ ከደረጃ 4 የተረፈውን የጎማ ቱቦ በጉብጠቱ ላይ አስገብተው ቋጠሮውን በቦታው ያስቀሩት። ቋጠሮውን ከማጥበቅዎ በፊት ያርጥቡ።

የሪሉን ፍሬን በግምት አይተዉት። ክሩን በዘንጉ ቀለበቶች አሳልፈው ጫፉን በእጅ ሚዛን ላይ ይሰሩና ዘንጉን እንደ ትግል ጊዜ አጎብጠው ይሳቡ። ፍሬኑ መልቀቅ ያለበት ከክሩ አቅም ሩብ እስከ ሲሶ ላይ ነው፤ ለ15 ፓውንድ ክር ከ1.7 እስከ 2.3 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል። አለቃቀቁም ሳይንተከተክ ለስላሳ መሆን አለበት።

ደረጃ 6፦ ወርውረው ይጎትቱ

1. ከሚፈልጉት ጉቶ ወይም የሣር ዳር አሳልፈው ይወርውሩ። ዓሣው ራስ ላይ የወደቀ ማታለያ ያስደነግጠዋል።

2. ማታለያው ውሃ እንደነካ ክሩን ይወጥሩ። ብዙ ምት ገና በመስመጥ ላይ ሳለ ይመጣል፤ የላላ ክር ያለው ሰው ይህን ምት አያውቀውም።

3. የዘንጉን ጫፍ ዝቅ አድርገው ከክሩ ጋር 45 ዲግሪ ገደማ ወደ ጎን ያዘንብሉ። ዘንጉ በቀጥታ ወደ ማታለያው ካመለከተ ምቱን የሚያለዝብ ነገር የለም፤ ወደ ላይ ከተነሳ ደግሞ መንጠቆውን ለመትከል የቀረ ቦታ አይኖርም።

4. ቅጠሉ ሲሽከረከር የሚሰማዎትን ትርታ ይከታተሉ። ያ ትርታ በእጅዎ ላይ እስካለ ድረስ ማታለያው እየሠራ ነው።

5. ፍጥነቱን ለውሃው ያስማሙ። ውሃው ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በሆነ ጊዜ ወደ ታች አስጠግተው ትርታው ሊጠፋ እስኪደርስ በዝግታ ይጎትቱ። ለዚህ ክብ ቅጠል ይሻላል፤ ሞላላና ቀጭን ቅጠል ለፈጣን አጎታተትና ለጠራ ውሃ ነው።

6. ማታለያውን ከጉቶው ወይም ከቅርንጫፉ ጋር ሆን ብለው ያጋጩትና ወዲያው ለቅጽበት ያቁሙ። በዚያች ቅጽበት የሚመጣ ምት ብዙውን ጊዜ ከመከተል ይልቅ የእውነተኛ ቁርጠኝነት ምት ነውና መንጠቆው ጠልቆ ይገባል።

ነፋስ ከጎን ሲነፍስ ክሩ በውሃው ላይ እንደ ቀስት ይጎብጣል፤ የሚሰማዎትም ምት ዘግይቶ የደረሰ ነው። አቋምዎን ቀይረው ከነፋሱ ጋር ወይም በቀጥታ ወደ ነፋሱ ይወርውሩ።

ደረጃ 7፦ መንጠቆውን ይትከሉ

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ቅደም ተከተሉን በጥብቅ ይያዙ።

1. ምቱ ሲሰማዎት መጠቅለልዎን አያቁሙ። እጅ በደመ ነፍስ ሪሉን አቁሞ ዘንጉን ወደ ላይ መንጠቅ ይፈልጋል። ማታለያው ገና ግማሹ ብቻ አፉ ውስጥ ሊሆን ስለሚችል ይህ መንጠቅ ያወጣዋል።

2. ክብደቱን ይጠብቁ። መነካት ምት ነው፤ መክበድ ደግሞ መያዝ ነው። እየጠቀለሉ ሳለ የዘንጉ ጫፍ በዓሣው ክብደት ጎብጦ ሲቀር ብቻ ይሳቡ። ይህ የሚፈጀው ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ነው።

3. ዘንጉን ወደ ጎን ይጥረጉት። ከወገብዎ ዞረው በረጅምና ጽኑ እንቅስቃሴ ወደ ኋላ ይሳቡ፤ ሪሉም አብሮ ይዙር። በድንገት የሚሰነዘር ምንጨቃ አያስፈልግም።

4. ክሩ ሳይላላ በቀጥታ ወደ ትግሉ ይግቡ። «ለማረጋገጥ» ብለው ለሁለተኛ ጊዜ አይሳቡ፤ በሁለቱ መካከል የሚፈጠረው መላላት ለዓሣው በር ይከፍታል።

አንድ ምት ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ዓሣው ከኋላ መጥቶ ማታለያውን እንደያዘ ወደ እርስዎ ሲዋኝ ምንም ዓይነት መመታት አይሰማም፤ የሚሆነው የቅጠሉ ትርታ በድንገት መጥፋቱ፣ ክሩም መላላቱ ብቻ ነው። ትርታው ያለ ምክንያት ከቆመ ዓሣ ነው ብለው ይቁጠሩ። በተቻለ ፍጥነት ጠቅልለው ክሩን ይሰብስቡ፣ ቦታ ካለዎትም ወደ ኋላ ይራመዱ፣ ክብደቱን ባገኙ ጊዜ ይጥረጉ።

ማታለያው በውሃው ገጽ አጠገብ ሲሄድ ዓሣው ሲመታ በዓይን ይታያል፤ ይህም ከሁሉ የባሰ ፈተና ነው። ባዩት ላይ ተመርኩዘው አይሳቡ፤ በእጅዎ በሚሰማዎት ብቻ ይሳቡ።

ማስጠንቀቂያ፦ ማታለያው ጉቶ ላይ ከተያዘ በቀጥታ ወደ ፊትዎ አይሳቡት። በድንገት ሲለቀቅ ሁለት መንጠቆ ይዞ ይመጣል። መነጽር ያድርጉ፤ ያለበትን ቦታ አልፈው በተቃራኒ አቅጣጫ ያስለቅቁት።

ደረጃ 8፦ ዓሣውን ያቅርቡ

በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰከንዶች ዓሣውን ከጉቶና ከሣር አቅጣጫ በጎን ግፊት ያዙሩት። ከዚያ በኋላ ጥድፊያ አያስፈልግም። ዘንጉ ጎብጦ፣ ክሩ ተወጥሮ እስከቆየ ድረስ እያሸነፉ ያሉት እርስዎ ነዎት።

ክሩ ወደ ውሃው ገጽ እየወጣ ሲሄድ ካዩ ዓሣው ሊዘል ነው። የዘንጉን ጫፍ ወዲያው ወደ ውሃው ዝቅ አድርገው በጎን ይሳቡ። ዓሣው በአየር ላይ ጭንቅላቱን ሲያራግፍ የማታለያው ከባድ ጭንቅላት እየተወዛወዘ መንጠቆውን ይነቅላል። ዘሎ ከወጣ ደግሞ በአየር ላይ ሳለ አይጎትቱት፤ ክሩን ሳያላሉ መልሶ እስኪወድቅ ይጠብቁ።

ደረጃ 9፦ ያውጡ

የመጨረሻዎቹ 3 ሜትሮች አደገኛ ናቸው፤ አጭር ክር አይለጠጥምና ዓሣው ድንገት ወደ ታች ሲመለስ ኃይሉ በሙሉ መንጠቆው የወጋው ቀዳዳ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ዓሣው ሲቀርብ ፍሬኑን በጥቂቱ ያላሉ። ከጀልባው ሥር ከገባ የዘንጉን ጫፍ ውሃ ውስጥ ነክረው በጀልባው ጫፍ ዙሪያ ይከተሉት።

መረቡን አስቀድመው ውሃ ውስጥ ያስገቡና ዓሣውን በጭንቅላቱ በኩል ወደ መረቡ ይምሩት። በመረብ ዓሣን አያሳድዱ፤ ጭራውን የነካ መረብ እንደገና ያስሮጠዋል። በክሩ ብቻ አንጠልጥለው ወደ ጀልባው አይወርውሩት፤ በትግሉ የሰፋው ቀዳዳ ሙሉ ክብደቱን አይሸከምም።

መረብ ከሌለ የታችኛውን ከንፈር በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይያዙ። ነገር ግን ተከታዩ መንጠቆ ከአፉ ውጭ ቀርቶ ከሆነ እጅዎን አያስገቡ፤ አንድ መራገፍ መንጠቆውን በጣትዎ ይተክለዋል። በዚያ ሁኔታ ከሆዱ በታች ደግፈው ያንሱት። የሚለቁት ከሆነ እጅዎን ያርጥቡ፣ ትልቁን ዓሣ በከንፈሩ ብቻ አያንጠልጥሉት፣ መንጠቆውን በፒንሳ ይዘው በገባበት መንገድ ወደ ኋላ ያውጡት።

አንድ ደረጃ ሲበላሽ

መትቶ ከሳተ፦ ማታለያውን በጥድፊያ አያውጡ። በዚያው ፍጥነት ይቀጥሉ፣ ለግማሽ ሰከንድ ያቁሙ፣ እንደገና ይጎትቱ፤ ብዙ ዓሣ ተመልሶ ይመታል። ካልመጣ አስቀድመው በተዘጋጀ ሌላ ዘንግ ላይ ያለ ለስላሳ የፕላስቲክ ማታለያ በዚያው ቦታ ላይ ይጣሉ።

ምቱ በተከታታይ ከባከነ፦ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ፤ አለዚያ የረዳዎትን አያውቁም። ተከታይ መንጠቆ፣ ከዚያ ዘርፍ ማሳጠር፣ ከዚያ ፍጥነት፣ ከዚያ ቅጠልና የማታለያ መጠን፣ በመጨረሻ ቀለም ይሁን ቅደም ተከተሉ።

ሁሉም ዓሣ በተከታዩ መንጠቆ ብቻ ከተያዘ፦ መያዙ መልካም ቢሆንም ዓሣው አሁንም ወደ ኋላ እየቀረ ነው። ፍጥነቱን ይቀንሱ ወይም ወደ ትንሽ ማታለያ ይለፉ።

ክሩ ከቋጠሮው አጠገብ ከተበጠሰ፦ ከእያንዳንዱ ዓሣ በኋላ የመጨረሻውን 1 ሜትር ክር በጥፍርዎና በጣትዎ መካከል ያሳልፉ። የሻከረ ቦታ ከተሰማዎት ከሻካራው በላይ ቆርጠው እንደ አዲስ ይሰሩ።